ታጉን ለእኛ ካሉን ሂሳቡንም እኛ እንክፈል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አውሮራ፣ ኮሎራዶ የምኖር የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። እዚህ ስቴት ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ልቤ ተራራ ላይ ነው፤ ኤልክ አድናለሁ። በከተማችን ከኔ ሌላ የሚያድኑ ሐበሾች እንዳሉ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ልጽፈው ወሰንኩ።

የቆሰቆሰኝ ነገር በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ የተነሳ ወሬ ነው። አብረን የምናድን አራት ሰዎች ተቀምጠናል። አንደኛው ጓደኛችን “ከቴክሳስ፣ ከካሊፎርኒያ የሚጎርፈውን ሁሉ ይዝጉልን። ኤልኩ የኛ ነው” አለ። ሌሎቹም ደገፉት። የባለቤቴ ወንድም አጠገቤ ነበር። ከዳላስ ለልጃችን ክርስትና የመጣ ነው። ስኒውን አስቀመጠ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማያድነው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ኤልክ የአጋዘን ወገን ነው። የደረሰ ወንድ ከ300 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ስቴቱ በየአካባቢው በዓመት ስንት እንስሳ ቢታደን መንጋው እንደማይጎዳ ያሰላል። ያንን ቁጥር በታግ፣ ማለትም በማደኛ ፈቃድ ወረቀት፣ ያከፋፍላል። አንድ ታግ፣ አንድ እንስሳ። ፈላጊው ከታጉ ሲበዛ ዕጣ ይወጣል። ያልደረሰው ሰው ፖይንት ይጠራቀምለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ፖይንት የበዛለት ይቀድማል። ክርክሩ ከመቶ ታግ ስንቱ ለኮሎራዶ ነዋሪ፣ ስንቱ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ይሁን የሚል ነው። ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ቦታ 65 ለ 35 ነበር። በቅርብ ዓመታት 75 ለ 25 ሆነ። ሰው በጣም በሚሻማባቸው ቦታዎች ለውጭ ሰው የሚደርሰው 20 ብቻ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በቀስት የሚያድን የሌላ ስቴት ሰው እንደ ድሮው ሱቅ ገብቶ የኤልክ ታግ ገዝቶ መውጣቱ ቀርቷል። ከሀይዌይ 25 በስተ ምዕራብ፣ ኤልኩ ባለበት ተራራማ አገር ሁሉ፣ ዕጣ መግባት አለበት።

ጎረቤት ስቴቶች ከዚህም የጠበቀ ሕግ አላቸው። ኒው ሜክሲኮ በዕጣ ከሚሰጠው ታግ 84 በመቶውን ለነዋሪ ያስቀራል። 10 በመቶው ባለሙያ አዳኝ መሪ ቀጥሮ ለሚመጣ ነው፤ ለተራው የውጭ ሰው የሚተርፈው 6 በመቶ ነው። ስለዚህ ኮሎራዶ ጨከነች ማለት አይቻልም።

ነዋሪ ይቅደም የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። የምደግፍበትን ምክንያት ግን ቡና ላይ ማንም አላነሳውም። በዚህ ስቴት የአደን ሕግ ነዋሪ የሚባለው ቤቱን እዚህ አድርጎ ስድስት ወር በተከታታይ የኖረ ሰው ነው። አባቱ የት ተወለደ አይልም። መጀመሪያ ፈቃድ ያወጣሁ ቀን የሱቁ ሠራተኛ መንጃ ፈቃዴን አየች፣ ኮምፒውተሩ ላይ “ነዋሪ” የሚለውን መረጠች፣ ወረቀቱን ሰጠችኝ። በቃ። ከኔ ኋላ የተሰለፈው ሽማግሌ ቤተሰቡ እዚያው ተራራ ሥር ለብዙ ትውልድ ከብት ያረባ ሰው ነበር። እሱና እኔ የከፈልነው እኩል ነው። ዕጣ ውስጥም እኩል ነን። ይሄ አገር ያንተም ነው የተባልኩት የዜግነት መሐላ የፈጸምኩ ቀን ነው፤ የተሰማኝ ግን ፈቃዱን ያወጣሁ ቀን ነው።

አገር ቤት ያለውን ሳስበው ደግሞ ይበልጥ ይገባኛል። ባሌና አርሲ የደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ የሚመጣው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ከእንስሳው ጋር ተራራውን የሚጋራው ገበሬ ቆሞ ያያል። እዚህ የአውቶቡስ ሾፌር ዕጣ ገብቶ ኤልክ ያድናል። ይሄን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

አሁን የባለቤቴን ወንድም ነገር ልንገራችሁ። እሱ ለስድስት ዓመት በየመስከረሙ ከዳላስ እየነዳ ይመጣ ነበር። አሥራ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ቀስት አብረን ተማርን። ከአውሮራ በሀይዌይ 70 ወጥተን፣ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፈን፣ ራይፍል ላይ ወደ ሰሜን ታጥፈን ሚከር እንገባለን። የዋይት ሪቨር ደን እዚያ ነው። ሦስት ዓመት ባዶ እጃችንን ተመለስን። በአራተኛው ዓመት አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቢጫ ቅጠል ያወጣ የአስፐን ዛፍ ሥር ተቀምጠናል። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል። ወንዱ ኤልክ ከማዶ ጮኸ። ድምፁ እንደ ዋሽንት ቀጥኖ ይወጣና መጨረሻው ላይ ከሆድ የሚወጣ ማጓራት ይሆናል። ሁለት ሴቶች ከዛፉ መሀል ብቅ አሉ። አንዷ ቆማ ወደ እኛ ጆሮዋን አዞረች። ትንፋሿ ይታየኛል። የባለቤቴ ወንድም ቀስቱን ስቦ ለብዙ ጊዜ ያዘው፤ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ከዚያ ለቀቀ።

ደሟን ተከትለን ሁለት ሰዓት ሄድን። ስናገኛት ተኝታለች። እሱ ቆቡን አወለቀ። “በስመ አብ” ብሎ ቢላውን አነሳ። ሥጋውን በጀርባችን ተሸክመን መኪናው ድረስ አምስት ጊዜ ተመላለስን። ሥጋ መጣል በዚህ ስቴት ወንጀል ነው፤ ወንጀል ባይሆንም አናደርገውም ነበር። ማታ ጋራዤ ውስጥ ገመድ ወጥረን ቋንጣውን በበርበሬ፣ በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽተን ሰቀልነው። ባለቤቴ ቤቱ ሁሉ ሸተተ ብላ ተቆጣች፤ በማግስቱ ግን የመጀመሪያዋ ቀማሽ እሷ ሆነች። ግማሹን እሱ በበረዶ ሣጥን ወደ ዳላስ ወሰደው። አማቴ ቋንጣ ፍርፍር ሠርተው በስልክ መረቁን። ይበላል አይበላም የሚል ጥያቄ ላለው ደግሞ እኔ አስቀድሜ አባታችንን ጠይቄያለሁ። የሚያመሰኳ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ እንስሳ ነው። ኦሪት ዘዳግም ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተቆጥረዋል አሉኝ።

እንግዲህ ይዝጉባቸው የተባለው እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። በሕጉ አልቀየምም። እሱም የራሱ ክርክር አለው። “ደኑ የፌዴራል መንግሥት ነው። እኔም ግብር እከፍልበታለሁ” ይለኛል። እውነቱን ነው። ሚከር ላይ የረገጥነው መሬት ሁሉ የአሜሪካ ሕዝብ መሬት ነው። እንስሳውን የሚያስተዳድረው ግን ስቴቱ ነው። የሞንታና የኤልክ ፈቃድ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ተወስኗል። ያኔ የሞንታና ሰው ኤልክ ለማደን 9 ዶላር ሲከፍል የውጭው ሰው ደግሞ 225 ዶላር የሚያወጣ ጥምር ፈቃድ እንዲገዛ ይገደድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ስለዚህ በሕግ በኩል ክርክሩ አልቋል። የቀረው የሂሳቡ ነገር ነው፤ የኔም ጉዳይ እሱ ነው።

የኮሎራዶ ነዋሪ ለኤልክ ታግ ወደ 70 ዶላር ይከፍላል። የውጭው ሰው ከ800 ዶላር በላይ ይከፍላል። የዱር እንስሳ ጥበቃው ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው ከዚህ ፈቃድ ሽያጭና በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት ላይ ከሚሰበሰበው የፌዴራል ቀረጥ ነው። መንጋ የሚቆጥረው ሄሊኮፕተር፣ በሽታ የሚመረምረው ላቦራቶሪ፣ ሌሊት ሕገ ወጥ አዳኝ የሚያሳድደው ጠባቂ ደመወዝ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

ወረቀት ላይ አውጥቼ አሰላሁት። መቶ ታግ አለ እንበል። በድሮው አከፋፈል 65ቱ ነዋሪዎች 4,550 ዶላር፣ 35ቱ የውጭ ሰዎች 28,000 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በአዲሱ 75ቱ ነዋሪዎች 5,250 ዶላር፣ 25ቱ የውጭ ሰዎች 20,000 ዶላር ይከፍላሉ። ከመቶ ታግ 7,300 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ለ75 ነዋሪ ብናካፍለው ለያንዳንዳችን ዘጠና ሰባት ዶላር ይደርሰናል። ደግሞ ሱቅ ውስጥ ካርዱን ሲያወጣ የምናየው የውጭ ሰው የሚከፍለው ለፈቃዱ ብቻ አይደለም። ሚከርና ክሬግ ያሉት ሞቴሎች በጥቅምት በማን ይሞላሉ? እኔ እንጀራዬን ከቤት ይዤ ድንኳን ውስጥ ነው የማድረው።

በ2022 እና 2023 መካከል የነበረውን ክረምት የምታድኑ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ በረዶ ተቆልሎ እንስሳው ግጦሽ አጣ፤ ብዙ አለቀ። ስቴቱም በዚያ አካባቢ ታጉን በጣም ቀነሰ። ታግ ሲቀነስ ገቢውም አብሮ ይቀንሳል። ሥራው ግን ይጨምራል፤ የተጎዳ መንጋ ነው በደንብ መቆጠር ያለበት። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኤልክ በዚህ ስቴት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዋዮሚንግ እያመጡ ነው እንደገና የተከሉት። ዛሬ ከየትኛውም ስቴት በላይ ኤልክ ያለው እዚህ ነው። ይህን ያመጣው ገንዘብ ያወጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ቡና ላይ ሳልነግራቸው የቀረሁትን እዚህ ልበላቸው። 75 ለ 25 ይሁን። ከዚያ በላይም እንቀንስባቸው ካላችሁ በቀና ልብ እንነጋገር። ግን የቀነስነውን ሰው ሂሳብ እኛ እንሸፍን። የኔን 70 ዶላር 167 ቢያደርጉት እከፍላለሁ። የልጆቹ ርካሽ ፈቃድ እንዳለ ይቆይ። እኛ አዋቂዎቹ ግን ለመኪና ጎማ የማንቆጥበውን ለኤልኩ መቆጠብ የለብንም። ዋጋውን የሚወስነው በስቴቱ ምክር ቤት የሚወጣ ሕግ ነው። በ2018ም አንድ ጊዜ ተስተካክሏል። ለወከላችሁ ሰው ኢሜይል መላክ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የአደኑን ደንብ የሚያወጣው የስቴቱ ኮሚሽን ስብሰባም ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። እንግሊዝኛዬ ተኮላተፈብኝ፤ ግን አዳመጡኝ፤ አንዲት ኮሚሽነርም ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አዘጋጁን አንድ ነገር ልለምን። የዕጣው ማመልከቻ የሚዘጋው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ቀኑን በየዓመቱ ማርች ውስጥ በአማርኛ ብታወጡልን ብዙ ሰው ይጠቅማል። ባለፈው ዓመት ሁለት ወንድሞች ቀኑ አልፎባቸው መኸሩን ቤት ቁጭ ብለው አሳለፉት። የባለቤቴ ወንድምም አሁን ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ሆኗል፤ እስካሁን ያለው አንድ ፖይንት ነው። ጋዜጣችሁን ዳላስ ድረስ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አውሮራ የምኖር አንባቢያችሁ