ኢንተርኔት እስኪገባ የኮምፒውተር ክፍሉ አይቆለፍ

ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን በነጻ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ።

የምንሠራው ስክራች በሚባል የልጆች ፕሮግራሚንግ መማሪያ ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሲሆን ትእዛዙ አይጻፍም፤ እንደ ጡብ ይገጣጠማል። በ2019 የወጣው 3.0 የተባለው እትሙ ብሮውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ) ላይ ይከፈታል፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ አማርኛም አለው።

በቅርቡ ከአምስተኛ ክፍሎች ጋር የጣናን ካርታ ሠራን። የስክራች መድረክ፣ ማለትም ሥዕሎቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ፣ ወርዱ 480፣ ቁመቱ 360 ነጥብ ነው፤ ዜሮው መሐል ላይ ይውላል። ደቅ ደሴትን ዜሮው ላይ አኖርናት፤ ጎርጎራ ከላይ፣ ባሕር ዳር ከታች፣ ቁንዝላ በግራ ሆኑ። አንዲት ልጅ ታንኳዋን ከደቅ ወደ ቁንዝላ ልትሰድ 200 ብላ ሞላች፤ ታንኳዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፎገራ ነጎደች።

«ቲቸር፣ ግራ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት እንድታደርግ ነገርኋት። አድርጋ አየች፤ ታንኳዋ ተመለሰች። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ባሕር ዳር ከዜሮ በታች ናት ማለት ነው?» አለችኝ። የከተማው ልጅ ነኝና ትንሽ ከፋኝ፤ መልሱ ግን ትክክል ነበር።

በዚያው ቀን ኔትወርኩ ሄደ። አንዴ የተከፈተ ገጽ ኔትወርክ ቢጠፋም መሥራቱን አያቆምም፤ የማይመጣው እንደ አዲስ ሥዕል ያለ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ነው። አንዱ ልጅ ግን ይሄን አላወቀም፤ ገጹን እንደ አዲስ የሚከፍተውን ሪፍሬሽ ነካ። የአንድ ሰዓት ሥራው ጠፋ። እጁን አጣጥፎ እስክንወጣ ድረስ አልተናገረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥራቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ማስቀመጥን አስቀድሜ ማስተማር ነበረብኝ።

ይህን የምነግራችሁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ላስተምር ስል «ኢንተርኔት ሲገባ ይከፈታል» ተብዬ ስለተመለስሁ ነው። ኮምፒውተሮቹ በመስኮት ይታያሉ፣ አቧራ ለብሰዋል። ስክራች እኮ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በፍላሽ የሚጫን ቅጂ አለው። ይህ ቅጂ የሚፈልገውን ዊንዶውስ 10 የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነም መላ አለው፦ የገጹ ፋይሎች አንድ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተራ ራውተር ያገናኛቸዋል፣ ሌሎቹ በብሮውዘር ይከፍቱታል። ክሮም የተባለው ብሮውዘር 63ኛው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው እትም ካላቸው ይበቃል። አዲስ ግዥ፣ ጨረታ፣ ታብሌት አልጠየቅሁም።

የምጠይቀው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ኮምፒውተር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት ሳይጠብቁ ክፍሉን እንዲከፍቱ፣ ከየትምህርት ቤቱም አንድ መምህር ለሁለት ቀን ሥልጠና እንዲላክ። ሥልጠናውን እኔ እሰጣለሁ። አበል አልፈልግም፤ የመምህራኑን ግን እናንተ አስቡበት፣ በባዶ ሆድ አይሠለጠንም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን። ከቢሮው ሰው ቢመጣ ታንኳዋን ልጅቷ ራሷ ታሳየዋለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ