ተአምር ያላችሁት ነገር ደረሰኝ አለው

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመቴ ነው። ጋዜጣችሁን የማነበው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። እዚያ አንድ ጋዜጣ አሥር ሰው እጅ ይዞራል፣ የስፖርት ገጹ ደግሞ ቀድሞ ተገንጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ እናንተ ስትሳሳቱ የምናደደው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ወረፋው በሙሉ ነው።

ባለፈው ስለ አሜሪካ ስፖርት ባወጣችሁት አጭር ጽሑፍ የከተማችንን የአይስ ሆኪ ቡድን፣ ቬጋስ ጎልደን ናይትስን፣ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። በተመሠረተ በመጀመሪያ ዓመቱ በተአምር ለፍጻሜ ደረሰ ትላላችሁ። የከነከነኝ «በተአምር» የምትለዋ ናት። ተአምር እንዴት እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ነው። የዚህኛው ግን ይታወቃል፣ ማን ምን እንደከፈለ ሳይቀር። አርሰናል አንድ ተከላካይ ሲያስፈርም ግማሽ ገጽ የምትሰጡ ሰዎች ለዚህ አንዲት አንቀጽ ብትጨምሩ ምን ነበረበት?

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አስረድቼ ልለፍ። እናቴ በስልክ «ምንድነው ሌሊት ሌሊት የምታየው?» ስትለኝ «ገና ነው እማዬ፣ በረዶ ላይ የሚጫወቱት» አልኳት። ወዲያው ገባት። ቆልማማ ዱላ አለ፣ በሩር ፈንታ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ አለ፣ መገፋፋት አለ። ልዩነቱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው እዚህ አይሠራም። ይቆጣሉ። ጓንት ጥለው ይቧቀሳሉ፣ ዳኛው ቆሞ ያያቸውና 5 ደቂቃ እንደ ተማሪ ያስቀምጣቸዋል። እናቴ እስከዛሬ ያልተዋጠላት ይቺ ነገር ናት።

የቡድኑ ስም ደግሞ ሲተረጎም ወርቃማዎቹ ፈረሰኞች ነው። ይሄ ወረፋችን ላይ ምን እንዳስነሳ መገመት አያቅታችሁም። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ «የኛ ነው» አሉ። የቡና ደጋፊ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በዚሁ ስም ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፈ፣ ከተማው ሁሉ ማልያ ለብሶ እሱ ብቻ ነጭ ሸሚዝ።

ወደ ደረሰኙ ልምጣ። ባለቤቱ ቢል ፎሊ ሊጉ ውስጥ ለመግባት 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ብሩን የነበሩት 30 ክለቦች ተካፈሉት። ብር ሲበላ ግዴታ አለ፣ እያንዳንዱ ክለብ አንድ አንድ ተጫዋች ለአዲሱ ቡድን ይለቃል። አንድ ክለብ 7 አጥቂ፣ 3 ተከላካይና 1 በረኛ፣ ካልፈለገም ቦታ ሳይለይ 8 ተጫዋችና 1 በረኛ «እነዚህ አይነኩብኝም» ብሎ ያስመዘግባል። ጀማሪዎቹም አይነኩም። ከተረፈው ቬጋስ ይመርጣል። ይሄ ድራፍት ይባላል፣ ቢራው አይደለም። ከዚህ በፊት አዲስ ቡድን ሲገባ ነባሮቹ ከዚህ የበለጠ ሰው መደበቅ ይችሉ ነበር። 500 ሚሊዮኑ የገዛው አንዱ ነገር ይሄ የተሻለ ህግ ነው።

ግን ህጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ነባሮቹ ክለቦች ደነገጡ። እንዳይወሰድባቸው የሚፈልጉት ልጅ አለ፣ መደበቂያው ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ያን ልጅ እንዲተዉላቸው ለቬጋስ መክፈል ጀመሩ።

ኮለምበስን እዩት። ሌሎቹን ትቶለት ዊሊያም ካርልሰን የሚባለውን ስዊድናዊ እንዲወስድለት ብሎ አንድ የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር የምርጫ ዕድል ጨመረለት፤ የምርጫ ዕድል ማለት በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ሲመረጡ የሚደርስ ተራ ነው። መርካቶ ሽንኩርት ሻጯ ሽንኩርቱን በነጻ ሰጥታችሁ ቲማቲም ስትመርቅላችሁ አስቡት። ካርልሰን በቀደመው ዓመት ያገባው 6 ጎል ነው። ቬጋስ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት 43 አገባ። አርባ ሦስት! ያኔ «ኧረ በቃህ» እያልን ነበር የምናየው።

ፍሎሪዳ ባሰ። ጆናታን ማርሸሶ 30 ጎል አግብቶላቸው ነበር፣ ሳይደብቁት ቀሩ። ሌላኛውን አጥቂ ራይሊ ስሚዝን ደግሞ ደሞዙ ስለከበዳቸው በአንዲት የአራተኛ ዙር የምርጫ ዕድል ሸኙት። ካርልሰን፣ ማርሸሶ፣ ስሚዝ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ መስመር ላይ ገጠሙና ሊጉን አተራመሱት። አናሃይም ክሌይተን ስቶነርን ይውሰዱልኝ ብሎ ሼይ ቲዎዶር የሚባል ጎረምሳ ተከላካይ መረቀ። ሚኒሶታ ኤሪክ ሃውላን ውሰዱ ብሎ አሌክስ ቱክን መረቀ። ፒትስበርግ ሦስት ዋንጫ የበላ በረኛውን ማርክ አንድሬ ፍለሪን፣ ልጅ በረኛ ስላገኘ ብቻ፣ የሁለተኛ ዙር ዕድል ጨምሮ ሰጠ። እንግዲህ ይሄ ተአምር ነው? ይሄ በእጁ ያለውን ሰው ዋጋ ያላወቀ ባለንብረት ነው።

አቋማሪ ቤቶቹ ግን ልክ እንደ እናንተ ነበሩ። ዋንጫውን ይበላል ለሚል ሰው 500 ለ1 የሚሰጡ ነበሩ። እኔ ከተማው ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ አስይዤ አላውቅም፣ ያን ዓመትም አላስያዝኩም። በኋላ ቆጨኝ ወይ? ቆጨኝ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ትንሽ ይከብዳል። ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊያደርግ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ሌሊት፣ አንድ ሰው ከሆቴል 32ኛ ፎቅ ሆኖ ሙዚቃ በሚሰማው ሕዝብ ላይ ተኮሰ። በኛ መስከረም 21 ነው፣ እሁድ፣ ግሸን ማርያም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የነበርን ሰዎች ማታ ታክሲ ላይ ነበርን። ታክሲዎች ያን ሌሊት ቁስለኛ አመላልሰዋል። እኔ ደርሼ የወሰድኩት ሰው አልቆሰለም፣ ግን አንድ እግሩ ባዶ ነበር። ጫማው የት እንደቀረ አያውቅም። ሆቴሉ አድርሼው ሂሳብ ሊከፍለኝ ኪሱን ሲፈትሽ እጁ ኪሱን አላገኘውም። ተወው አልኩት። ያን ጊዜ የሞቱት 58 ተባሉ፣ ኋላ ላይ በጉዳታቸው የሞቱ ተጨምረው 60 ሆኑ።

ኦክቶበር 10 በሜዳቸው የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ዙሪያውን አጥሩ ላይ ማስታወቂያ አልነበረም፣ ለከተማው የማበረታቻ ቃል ብቻ። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲጠሩ ከጎናቸው ነርስ፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ አብሮ ይወጣ ነበር። ከዚያ 58 ሴኮንድ ዝምታ። ዴሪክ ኤንግላንድ የሚባለው ተከላካይ ማይክ ይዞ ተናገረ። እሱ ካናዳዊ ቢሆንም ድሮ ለከተማዋ ትንሽ ቡድን ተጫውቶ፣ እዚሁ ሚስት አግብቶ የከተመ ሰው ነው። ተናግሮ ጨረሰና ጨዋታው ተጀመረ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ ጎል አገባ። በመጀመሪያው ክፍል ብቻ 4 ጎል። አሪዞናን 5 ለ 2። እኔ በሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፣ ግን ድምፁን ጨምረው አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ። ከመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 8 አሸነፉ። በረኛ በረኛ ላይ ተጎዳ፣ በዓመቱ 5 በረኛ አሰለፉ፣ አሁንም ያሸንፋሉ። 82 ጨዋታ፣ 51 ድል፣ 109 ነጥብ፣ ከምድባቸው አንደኛ። በሜዳቸው ከ41 ጨዋታ 29 አሸንፈዋል። ሰው «የቬጋስ ጉንፋን» ይለው ነበር፣ እንግዳ ቡድን ሲመጣ ማታ ይዝናናና በነጋታው እግሩ ይከብደዋል ለማለት ነው። እውነት ከሆነ ጉንፋኑን ያስያዝናቸው እኛ ታክሲዎች ነን፣ ድርሻችን ይታወቅልን። ጥሎ ማለፍ ላይ የሚያልፈው ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ነው፤ በጨዋታ ብዛት ሎስ አንጀለስን 4 ለ 0፣ ሳን ሆዜን 4 ለ 2፣ ዊኒፔግን 4 ለ 1 ጥለው ፍጻሜ ገቡ። የዊኒፔጉን የመጨረሻ ጨዋታ ያሸነፈችውን ጎል ያገባው ራያን ሪቭስ፣ ጥቁር ግዙፍ ልጅ፣ ራሱ የዊኒፔግ ልጅ ነው! ለድብድብ እንጂ ለጎል የማይታወቅ ሰው።

ፍጻሜው ከዋሺንግተን ጋር ሆነ። ይሄን ስትሰሙ የኛ ሰው ሁለት ቦታ ሲከፈል አይታያችሁም? የአክስቴ ልጅ ዋሺንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ እሱም ሹፌር ነው። ፊሽካው ሳይነፋ ስልክ ተጀመረ። እኔ አንድ ነገር ነበረችኝ፤ የሱ ቡድን በ1974 ሲመሠረት በመጀመሪያ ዓመቱ በጠቅላላ ያሸነፈው 8 ጨዋታ ነው፣ 67 ተሸንፎ። «8!» እያልኩ መልእክት እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ የኛን ቡድን የሠራው ጆርጅ ማክፊ ድሮ የሱን ቡድን የሠራ፣ አባረውት ወደኛ የመጣ ሰው መሆኑን አንስቶ «የኛን ትርፍራፊ ነው የምትበሉት» ይለኛል። መልስ አልነበረኝም፣ እውነቱን ነው።

በአንድ ኪሎ ቡና ተወራረድን። የመጀመሪያውን 6 ለ 4 አሸነፍን። ሁለተኛው ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ቱክ ባዶ ጎል ፊት ለፊት አግኝቶ መታ፣ በረኛቸው ሆልትቢ ተወርውሮ በዱላው መለሳት። የአክስቴ ልጅ ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ጆሮዬን አመመኝ። ከዚያ በኋላ ቡድናችን አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ጁን 7 ቀን 2018 እዚሁ ቬጋስ 4 ለ 3 አሸንፈው በኛ በረዶ ላይ ዋንጫ አነሱ። ለነሱም ከ44 ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነው። ቡናውን ላክሁ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ያልተቆላ።

ተአምር ላለመሆኑ ደግሞ ማስረጃ ልጨምር። በ2021 ሲያትል በዚያው ህግ ገባ፣ እንዲያውም 650 ሚሊዮን ከፍሎ። በዚህ ጊዜ ነባሮቹ ነቅተው ነበር፣ እንደዚያ አይነት ምርቃት የሚሰጥ ጠፋ። ሲያትል በመጀመሪያ ዓመቱ 27 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 60 ነጥብ ይዞ ቀረ። ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ይቅር ይበሉኝ፣ መናቄ አይደለም፣ በቀጣዩ ዓመት ተሻሽለዋል።

ፎሊ ገና ከመጀመሪያው በሦስት ዓመት ጥሎ ማለፍ፣ በስድስት ዓመት ዋንጫ ብሎ ነበር፣ ያኔ የሳቀ ብዙ ነው። በስድስተኛው ዓመት፣ ጁን 13 ቀን 2023፣ ፍሎሪዳን 9 ለ 3 አርገው ዋንጫውን በሉ። ያችው ማርሸሶን ሳትደብቅ የቀረችው ፍሎሪዳ። የጥሎ ማለፉ ኮከብም ማርሸሶ ሆነ። አምበሉ ማርክ ስቶን ዋንጫውን አንስቶ ቀድሞ ያቀበለው ለራይሊ ስሚዝ ነው፣ በአራተኛ ዙር ዕድል ለተሸኘው። ያን ሳይ ሚስቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም።

ግን ሐቁን ልጻፍ ካልኩ ሌላውንም ልጻፍ። የኛም ክለብ በኋላ ጣይ ሆኗል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ምርጥ አሰልጣኝ የተባለውን ጄራርድ ጋላንትን በጃንዋሪ 2020 አሰናበቱት። ፍለሪን የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ በተሸለመበት ሰሞን ለቺካጎ ሰጡት፣ ምንም ሳያገኙበት በሚባል ደረጃ። ልጄ ክፍሏ የሰቀለችውን የሱን ማልያ አላወርድም አለች፣ እስከ ዛሬ አለ። ማርሸሶም በ2024 ናሽቪል ሄደ። ይሄ ጉዳይ ወረፋ ላይ ሲነሳ ሁለት ወገን ነን። አንዱ ቡድን የሚሠራው እንዲህ ነው ይላል። እኔ ዋንጫውን ብወደውም ፍለሪን የሸኙበት መንገድ አሁንም ሆዴ አልገባም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። «በተአምር» የምትለዋን አውጡልኝ። ቦታ ካላችሁ የካርልሰንን 6 እና 43 ጎል ጻፉ፣ ኮለምበስ የመረቀውንም ጻፉ።

የ2023 ዋንጫ በተበላ በሳምንቱ ፖስታ ቤት ጥቅል መጥቶልሃል ተባልኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ኪሎ ይርጋ ጨፌ፣ ያልተቆላ። ሳልወራረደው የላከው ነው። ውስጡ ትንሽ ወረቀት አለች፣ «8» ብሎ ጽፎ ሰርዞባታል።

አንድ ታክሲ ነጂ አንባቢያችሁ
ከላስ ቬጋስ