ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት

ለውድ ወዳጄ፣

የከበረ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለብዙ ዘመን ተጠፋፍተን ከቆየን በኋላ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። የቤተሰቡንና የኑሮውን ወሬ ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼ አስቸኳዩን ጥያቄህን አስቀድማለሁ፤ ሻጩ ገንዘቡን እየጠበቀ ነውና።

ልትገዛው ያሰብከው የተፈረመበት ማሊያ የማረጋገጫ ሰርተፍኬት እንዳለው ጽፈህልኛል፤ እንዲያውም ከማሊያው ይልቅ ስለ ሰርተፍኬቱ የጻፍከው ይበዛል። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ሰርተፍኬት የአንድ ሰው ቃል በወረቀት ላይ ሰፍሮ ስለሆነ፣ ክብደቱ ከሰጪው ዕውቀትና ታማኝነት አያልፍም፤ ፊርማ አስመስሎ መጻፍ የቻለ ሰው ደግሞ ሰርተፍኬት ማሳተም አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ “ኦፕሬሽን ቡልፔን” በተባለው ምርመራው አንድ ትልቅ የሐሰተኛ ፊርማ መረብ ሲደርስበት፣ ማዘር ቴሬዛ የፈረሙባቸው የተባሉ የቤዝቦል ኳሶች ሳይቀሩ የተገኙ ሲሆን፣ ሐሰተኛ ሰርተፍኬትም የንግዱ አንድ አካል ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገውና ማሊያውን ራሱን እንመልከተው።

ፊርማውን በማጉያ መነጽር ስታየው መጀመሪያ የምትፈልገው የእጁን ፍጥነት ነው። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የፈረመ ተጫዋች ሳያስብ ስለሚጽፍ፣ መስመሩ ሲነሳም ሲያልቅም ይሳሳል፤ መታጠፊያዎቹም ሳይቆራረጡ ይፈስሳሉ። አስመሳዩ ግን ፊርማውን እየተጠነቀቀ ስለሚስለው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወፍራል፤ በፊደሉ መካከል እጁ ባመነታበት ቦታም ቀለሙ ተጠራቅሞ ጠቆር ያለ ነጥብ ይተዋል። ጨርቅ ብዕርን ስለሚይዝ በማሊያ ላይ ይህን መለየት ከወረቀት ይልቅ ይከብዳል፤ ማነጻጸሪያህም ያው ተጫዋች በዚያው ዘመን በጨርቅ ላይ የፈረመው መሆን አለበት፤ የሰው ፊርማ ከዓመታት ጋር ይለወጣልና። ከሌላ ፊርማ ጋር ነጥብ በነጥብ ቢገጥምልህም አትደሰት። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም፤ እንዲህ ያለው መመሳሰል በማሽን የተጻፈ ወይም ከላይ ተደርቦ የተቀዳ ፊርማ ምልክት ነው። የቀለሙን ዕድሜም አትዘንጋ፦ ሻርፒ የተባለው ብዕር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ያረፈ ሰው በእርሱ ሊፈርም አይችልም።

ሻጩ ማሊያው በጨዋታ ላይ የተለበሰ ነው ማለቱ ደግሞ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ማራዶና እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለቱን ጎሎች ሲያስቆጥር የለበሰው ማሊያ በ2022 ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ድርጅት በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ፣ ከጨረታው በፊት ቤተሰቡ “ይህ በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው” ብለው ተከራክረው ነበር። ማሊያውን ለዓመታት የያዘው ከጨዋታው በኋላ ከማራዶና ጋር ማሊያ የተለዋወጠው የእንግሊዙ ተጫዋች ስቲቭ ሆጅ መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም አጫራቹ በዚህ ታሪክ ብቻ ሳይወሰን፣ ዓርማውን፣ መስመሮቹንና ቁጥሩን ከዚያን ዕለት ፎቶግራፎች ጋር አስመርምሮ ነው ለሽያጭ ያቀረበው። የክር አካሄድና የቁጥር አቀማመጥ ከማሊያ ማሊያ ስለሚለያይ፣ ግልጽ ፎቶግራፍ ከተገኘ ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሥራ ስመለከት ልቤ ይሞላል።

ልትሸጣቸው ያሰብካቸውን የተጫዋቾች ምስል ያለባቸውን ካርዶች በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት እጅግ ብዙ በመሆናቸው አብዛኞቹ ይዞታቸውን በባለሙያ አስመርምሮ ደረጃ ለማሰጠት የሚከፈለውን ገንዘብ እንኳ አይመልሱም፤ የቆዩትን ለይተህ አስቀምጥ። አደራህን፣ ጠርዛቸውን አታስተካክል፣ አትጥረጋቸውም። ለካርዶች ደረጃ የሚሰጠው ፒ ኤስ ኤ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ከሁሉ አስቀድሞ ደረጃ የሰጠው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ከ10 ውስጥ 8 አግኝቶ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ነበር፤ በ2013 ግን ቀድሞ ባለቤቱ የነበረው አጫራች ቢል ማስትሮ ጠርዙን እንደቆረጠው ፍርድ ቤት ውስጥ አመነ። እንዲህ ያለው ማታለል የባለሙያዎቹን ዓይን እንኳ ያለፈ ስለሆነ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ቁጥር የተሰጠውን ካርድ ስትገዛ ቁጥሩን በድርጅቱ መዝገብ ፈልገህ ፎቶግራፉን ከካርዱ ጋር አስተያይ፤ ትክክለኛ ቁጥር በሐሰተኛ ማሸጊያ ላይ የሚያትሙ አሉ።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። ፊርማውን ብርሃን ከጎን እየመታው በቅርበት፣ የአንገቱን የውስጥ ምልክት፣ የጀርባውን ቁጥርና ስፌቱን ከውስጥ በኩል አንስተህ ላክልኝ። ሻጩም ማሊያውን ከማን፣ መቼና እንዴት እንዳገኘው በጽሑፍ እንዲሰጥህ፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብህን እንደሚመልስም እንዲፈርምልህ ጠይቀው። በዚህ የሚቆጣ ከሆነ ግዢውን ተወው። ፎቶግራፎቹን አይቼ እስክጽፍልህ ድረስ ግን ምንም ገንዘብ አትላክ።

አክባሪ ወዳጅህ