አራሷን ስታስወጡ አያቲቱንም አስተምሩልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም አይሰጥም የሚለውን ያልሰማች ነፍሰ ጡር ያለች አይመስለኝም፣ ክትትል ላይ ይነገራል፣ ግድግዳውም ላይ ተለጥፏል። ጉዱ የሚመጣው ከወለደች በኋላ ነው።

እህቴ በቅርቡ በኦፕራሲዮን ወለደች፣ የት እንደሆነ ይቅር። ልጁን ጠቅልለው ለኛ ሰጡን፣ እሷ ጋ የደረሰው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዛ አንዷ ነርስ "አጥቢው እሺ" ብላ አለፈች። አጥቢው! ቀና ማለት ያቃታት ሴት እንዴት አድርጋ? በጎን ተኝቶ ማጥባት እንደሚቻል፣ ወይ ልጁን በብብት ስር ይዞ ቁስሉን ሳይነካ እንደሚቻል ያሳየችን አጠገባችን የተኛችው የሶስት ልጆች እናት ናት፣ አላህ ይስጣት። ልጁ ደግሞ ጫፉን ብቻ ነበር የሚይዘው፣ በማግስቱ ቆሰለና ደማ። አፉን በደንብ ከፍቶ ጥቁሩን ክብ አብዛኛውን ካልጎረሰ፣ አገጩም ጡቷን ካልነካ ወተቱም በደንብ አይመጣም እሷም ትቆስላለች፣ ይሄን ለማየት አንዲት ሚድዋይፍ አንዴ ሲጠባ አጠገቧ ቁጭ ብትል በቂ ነበር።

ቤት ስንገባ ደግሞ እማማ፣ የልጁ አያት፣ አሉ። በምጥ የወለደች 24 ሰዓት ገደማ ቆይታ ትወጣለች፣ ወተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ የሚመጣው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው፣ በኦፕራሲዮን ሲሆን ሊዘገይም ይችላል። እዛ መሀል ላይ "ወተት የላትም፣ ልጁ ተራበ" ይባልና ስኳር ውሃ፣ ቅቤ ማቅመስ፣ አቅም ያለው ደግሞ ፋርማሲ ሮጦ የጣሳ ወተት። እንገሩ ቢጫ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋል፣ በመጀመሪያው ቀን ልጁ በአንዴ የሚጠባው ከሻይ ማንኪያ ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ እሱው ይበቃዋል እኮ፣ ከበሽታ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ጡጦ ለመደ ማለት ጡት መሳብ ቀነሰ ማለት ነው፣ ያልተሳበ ጡት ደግሞ አያመርትም፣ በቃ "ወተት የላትም" ያሉት እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እማማን አልወቅስም፣ እሳቸውን ጥበቃው በር ላይ አስቁሟቸው ነበር፣ ምክር ካለም የሚነገረው ለአራሷ ብቻ ነው፣ አራስ ቤት የሚያዘው ማን እንደሆነ ደግሞ ወሎዬ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት አስታማሚዋ ትጠራና አብራ ትስማ፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንደሚጠባ፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዛ በላይ ከሸና እየጠገበ እንደሆነ ይነገራት። አያት ጨርቅ መቁጠር አያቅታትም።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ምቹ ሆስፒታል የሚባለውን ፕሮግራም ጀምረዋል፣ ሆስፒታሎች ጡት ማጥባትን ለማገዝ የሚከተሏቸውን አስሩን እርምጃዎች በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽለዋቸዋል፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ማስያዝ፣ እናትና ልጅን አለመለየት፣ ስትወጣ የምትጠይቀው ሰው እንዲኖራት ማድረግ፣ አብዛኛው በጀት አይጠይቅም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሰሩት ደግሞ አንድ ልጨምር። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ስድስት ወር አይሞላም። ሆስፒታሉ በእጅ ማለብ አስተምሮ ቢልካቸው፣ በንፁህ ኩባያ አልባ አስቀምጣ ልጁ በኩባያ ይጠጣል፣ ጡጦም አያስፈልግ፣ ፍሪጅ ለሌላት ጥላ ቦታ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆይላታል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ግን ቶሎ ይጠጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ