ያ ብዥ ያለው ፎቶሽ አሁንም እኔ ጋ አለ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ሐዋሳ ተስማማሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እማማ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ተጎድተሽ ሩጫ ስታቆሚ ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ስትሮጪ በስልኬ ያነሳሁሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ፊትሽ ጠፍቶ ቢጫው ማሊያሽ ብቻ እንደ ጭስ የተዘረጋውን? ያኔ የስልኩ ችግር መስሎኝ ነበር። አሁን ምክንያቱ ገብቶኛል። የምንወጣው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። ብርሃን ሲያንስ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው በር፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፤ እስኪዘጋ ድረስ አንቺ ቦታውን ለቀሻል።

ዘንድሮ ካሜራ ይዤ እዚያው ተመለስኩ። ቅዳሜና እሁድ ፒያሳ ካለ አንድ ፎቶ ቤት ጋር ሰርግ እሠራለሁ፤ በሌላው ቀን ካሜራውን ያውሱኛል። የማነሳው የሮለርና የስኬትቦርድ ልጆችን ነው። ሙሽራን «አንዴ ቀና በይ» ትያታለሽ። የዘለለ ልጅ ግን አየር ላይ ቆሞ አይጠብቅሽም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም ሹተሩ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ አድርጌ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ልጁ ደብዝዞ ከኋላው የቀላል ባቡሩ ምሰሶ ጥርት ብሎ ወጣ! ፎከሱ አንዴ ይዞ የሚቆመው ዓይነት ላይ ነበር። የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ወደሚያስተካክለው ቀየርኩት። ከዚያ ደግሞ በተከታታይ ስተኩስ ካሜራው ያየውን ሁሉ የሚይዘው ትልቁ የራው ፋይል ካሜራውን ያጨናንቀውና ልክ ልጁ ሲዘል ቀጥ ይላል። አሁን ሦስት አራት ብቻ ነው የምተኩሰው፣ በሰዓቱ።

ሰዓቱን ያስተማረኝ ግን ካሜራው አይደለም። አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ «እግሬን ተይው፣ ትከሻዬን እዪ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከመዝለሉ በፊት ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። አንቺም ፍጥነት ልትጨምሪ ስትይ ግራ እጅሽ ትንሽ ይወርድ ነበር። ያንን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ለፎቶ እንደሚጠቅም ግን አላወቅሁም።

አሁን መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው የማነሳው። ካሜራው ዝቅ ሲል ዝላዩ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከኋላ ያለው ግርግርም በሰማይ ይተካል። ስድስት ሰዓት ላይ አልሄድም፤ ፀሐዩ ከአናት ስለሆነ ከኮፍያ ሥር ያለው ፊት ይጠቁራል። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል፣ ወይ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። ማታ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መብራታችን 50 ኸርትዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አያየውም፣ 1/1000 ግን ያየዋል፤ አንዱ ፎቶ ጨለማ፣ ቀጣዩ ቢጫ ይሆንብሻል። ወደ 1/100 ስትወርጂ ይስተካከላል፣ ግን ፈጣን ዝላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ማታ ልጁ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ቀስ የሚልበትን እጠብቃለሁ።

ኤዲቲንጉ ላይ ድሮ ኮንትራስቱን፣ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት፣ እያበዛሁ የልጆቹን ቆዳ ከሰል አስመስለው ነበር። አሁን መጀመሪያ የማደርገው መሰረዝ ነው። ከ300 ፎቶ ስድስት ቢቀር ደስ ይለኛል። ክሮፕ ሳደርግ መሬቱን አልቆርጥም፤ መሬቱ ከሌለ ምን ያህል እንደዘለለ በምን ይታወቃል? ከጥላው ሥር ያለውን ፊት ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ በቃ።

ካወቅሁት ሁሉ የምወደው ፓኒንግ ነው። ሹተሩን 1/30 ታደርጊና ከወገብሽ እየዞርሽ ሯጩን ትከተያለሽ፤ ከተኮስሽ በኋላም መዞርሽን አታቆሚም። ፊቱ ጥርት ይላል፣ ደረጃው ከኋላው እንደ ክር ይሳባል። አብዛኛው ይበላሻል። ሲሳካ ግን ሩጫው ራሱ ይታያል።

ባለፈው ያንቺን ፎቶ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ ላጠራው ሞከርኩ። አልሆነም። ያልተመዘገበ ፊት በኤዲቲንግ አይመለስም። ማሊያው ግን ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ አንቺ መሆንሽን ያየሽ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሳልነካው መልሼ አስቀመጥኩት።

ለገና አዲስ አበባ ትመጫለሽ? መሮጥ የለብሽም። ጉልበትሽ እንደፈቀደልሽ ደረጃውን በእግርሽ ውጪ፣ እኔ ከታች ተኝቼ እጠብቅሻለሁ። ቢጫው ማሊያ ካለ ይዘሽው ነይ።

ናፋቂሽ