አይጥ በ6 ወር አያረጅም፦ ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሁሉ ሰሚ ስላጡ ነው። አማካሪዬም ጽፈዋል። ትምህርት ክፍሉም ጽፏል። ለወራት የሰማነው «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ብቻ ነበር። በመጨረሻ ውሳኔ መጣ። መብራት ጠፍቶ የምርምር ናሙናዎቻችን ለተበላሹብን የዶክትሬት ተማሪዎች 6 ወር ተጨማሪ ጊዜ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል። አንባቢም ይወቀው።

የማጠናው እርጅና የማስታወስ ችሎታን እንዴት እንደሚያዳክም ነው። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች ከእድሜ ጋር እንደሚደክሙ እፈልጋለሁ። ለዚህ ያረጁ አይጦች ያስፈልጋሉ። የላብራቶሪ አይጥ አረጀ የሚባለው ከ18 እስከ 24 ወር ሲሞላው ነው። ይህን ጊዜ ገንዘብ አያሳጥረውም፤ ሌሊት ሙሉ መሥራትም አያሳጥረውም። እስኪያረጁ ድረስ ይመገባሉ፣ ይጸዳሉ፣ ይመዘናሉ። የማስታወስ ፈተናም አለባቸው። ውሃ በተሞላ ክብ ገንዳ ውስጥ እያንዳንዷ አይጥ የተደበቀውን መቆሚያ ፈልጋ እስክታገኝ ሰዓት ይያዝላታል። በበዓልም በእሁድም እንገባለን።

ከዚያ አንጎሉ ይወጣል። ሂፖካምፐሱ ተለይቶ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። በትንሽ ቱቦ ታሽጎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ይቀመጣል። የምንፈልገው አርኤንኤውን፣ ማለትም የትኛው ጂን ምን ያህል እየሠራ እንደነበር የሚያሳየንን ሞለኪውል ነው። አርኤንኤን የሚበጣጥሱት ኢንዛይሞች እዚያው ሥጋው ውስጥ አሉ። አስሮ የያዛቸው ቅዝቃዜው ነው። ናሙናው አንዴ ከቀለጠ መልሶ ማቀዝቀዝ የጠፋውን አያመጣም።

መብራት የጠፋው አርብ ማታ ነው። ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። እስከ ሰኞ ግን አይዘልቅም። ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃው በር ላይ ደረስኩ። ተቆልፏል። ጥበቃው «እህቴ፣ መብራት በሌለበት ሰው እንዳይገባ ታዝዣለሁ፤ የፈቃድ ወረቀት አምጪ» አለኝ። እሱን አልወቅስም፤ ትእዛዝ ነው። ወረቀቱን የሚፈርመው ግን የእርስዎ ቢሮ ነው፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ከበሩ ላይ ሆኜ የአስተዳደር ሕንፃው ጄኔሬተር ሲሠራ ይሰማኝ ነበር። ባዶ ኮሪደሮች እስከ ሰኞ ድረስ መብራታቸው በርቶ ከረመ። ከዚያ ጄኔሬተር ወደ ፍሪዘራችን የሚመጣ መስመር የለም። መስመሩ እንዲዘረጋ የጠየቅንበት ደብዳቤ መብራቱ ከመጥፋቱ ከብዙ ጊዜ በፊት እርስዎ ቢሮ ገብቷል።

ሰኞ በሩ ሲከፈት ከፍሪዘሩ ስር ውሃ ተኝቶ ነበር። የካርቶን ሳጥኖቹ ርሰው ሳነሳቸው እጄ ላይ ፈረሱ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ጠጣር ነገር የነበረባቸው ቱቦዎች ውስጥ የቀረው ሮዝ ፈሳሽ ነው።

ትልቅ ከተማ ቢሆን ከጎረቤት ላብራቶሪ ፍሪዘር ለምነን እናሻግረው ነበር። እዚህ ያለው ይህ አንድ ብቻ ነው። የእኛ ፍሪዘር ከሌሎቹ ይበልጥ ጥበቃ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ቢሮዎ ምን አደረገ? የንብረት ጉዳት ቅጽ ላከልን። የፍሪዘሩ መለያ ቁጥርና የተገዛበት ዋጋ ተጠየቀ። ፍሪዘሩ ተጠገነ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ናሙናዎቹ ዋጋ ስላልተለጠፈባቸው ቅጹ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። የዓመታት ሥራዬ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ውስጥ እንዳልነበረ ሆኖ ቀረ።

በስብሰባ ላይ «በተረፈው ጽፈሽ ጨርሺ» ተብያለሁ። የተረፉት ጥቂት ናቸው። በጥቂት ናሙና የተሠራ ጥናት እውነተኛውን ልዩነት ያመልጠዋል፤ አገኘሁ ሲልም ብዙ ጊዜ ያጋንናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በሰፊው የሚጠቀስ ትንታኔ የኒውሮሳይንስ ጥናቶችን መርምሮ መካከለኛው ስታቲስቲካዊ አቅም (እውነተኛ ልዩነት ሲኖር ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ) 21 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሙያችን ከዚህ ችግር ለመውጣት እየታገለ ነው። እርስዎ ወደዚያው ግቢ እያሉኝ ነው። አልገባም።

አይጦቹስ? የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ለእያንዳንዷ አይጥ ምክንያት አስጽፎ አስፈርሞኛል። ትክክልም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ራስልና በርች ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆች አሉ፤ በተቻለ መጠን እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። እነዚያን አይጦች ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጄ ይዣቸዋለሁ። ሕይወታቸው ጠፍቶ አንድም እውቀት አልተገኘም። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀኝ ወይም የተጠየቀ አንድም ኃላፊ የለም።

«ትንሽ ከተማ ላይ ነን፣ ከዚህ በላይ አትጠብቁ» የሚል መልስም ከቢሮዎ ሰምቻለሁ። ጣሊያናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሴልን ሙሉ ቅርጽ በጥቁር ያሳየበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1873 ይፋ ሲያደርግ በአቢያቴግራሶ፣ በትንሽ የጣሊያን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። ላብራቶሪው ወጥ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ከስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ትንሽ ከተማ ላይ መሆኔ አላስከፋኝም፤ ፈቅጄ ነው የመጣሁት። ያስከፋኝ የጄኔሬተሩ ገመድ ሳይዘረጋ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔዎ ልመለስ። አዲስ አይጦች ዛሬ ብጀምር ለማርጀት ብቻ 18 ወር ይፈልጋሉ። እርስዎ የሰጡኝ 6 ነው። የፈረምኩት ውል የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ክፍያውን ያቋረጠውም ያው ቢሮ ነው። ታዲያ በምን እንኑር? ፍሪዘሩን የምንጋራ የዶክትሬት ተማሪዎች ሁላችንም ይህ ውሳኔ ደርሶናል። አንድ ባልደረባዬ ደብዳቤውን እንዳነበበ እቃውን ሸክፎ ሄደ። ከመካከላችን ጎበዙ እሱ ነበር።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሥራው በዩኒቨርሲቲው ጥፋት ለተበላሸበት ተማሪ ሁሉ ጊዜው ሥራው በሚፈልገው ልክ ይራዘም፣ ወርሃዊ ክፍያውም አብሮ ይቀጥል። ፍሪዘሩ ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኝ፤ ሲሞቅ ስልካችን ላይ የሚደውል ማንቂያም ይገጠምለት። በእረፍት ቀን በሩን የሚያስከፍት ተረኛ ኃላፊ ይመደብ። «እየታየ ነው» የሚለውን መልስ ከአሁን በኋላ አልቀበልም። ማን እንደሚሠራውና በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ ተጽፎ፣ በእርስዎ ፊርማ ይድረሰን።

የኒውሮሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ