ሦስት ዳኛ፣ አንድ ችሎት

ሰላም ወንድሜ፣

በጣም ተጠፋፋን አይደል? እንዴት ነህ፣ ቤተሰብስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ክርክርም አልተውኩም። ዛሬ የመጣሁብህም ሳንጨርሰው በተለያየንበት ነገር ነው። «አባላቱ አስተዋይ ከሆኑ ቡድኑም አስተዋይ ነው» ትል ነበር። አይመስለኝም።

እስቲ ሦስት ዳኞች አንድ የውል ክርክር አዩ እንበል። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ውል ነበር ወይ? ተከሳሹስ የተከለከለውን አድርጓል ወይ? ለሁለቱም አዎ ከሆነ ካሳ ይከፍላል። የመጀመሪያዋ ዳኛ ሁለቱንም አዎ አለች፤ ይክፈል። ሁለተኛው «ውልስ ነበር፣ ግን አላፈረሰም» አለ፤ ስለዚህ አይክፈል። ሦስተኛው ደግሞ «የተባለውን አድርጓል፣ ግን መጀመሪያውኑ ውል የለም» ብሎ እሱም አይክፈል አለ። አሁን ድምፅ ቁጠር። ውል ነበር፣ ሁለት ለአንድ። አድርጓል፣ ሁለት ለአንድ። ይክፈል ወይ? አይክፈል፣ ይሄም ሁለት ለአንድ! አንዳቸውም ከራሳቸው አልተጋጩም፣ ችሎቱ ግን ዓይኑ እያየ ከራሱ ጋር ተጣላ።

ይሄ የቆጠራ ስህተት እንዳይመስልህ። ፈላስፎቹ ክርስቲያን ሊስትና ፊሊፕ ፔቲት እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ለተያያዙ ጥያቄዎች የሁሉንም አባል ድምፅ እኩል እያየ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ለየብቻ የግድ መልስ እየሰጠ፣ ሁልጊዜም ከመጋጨት የሚያመልጥ ደንብ የለም። በምርጫ በኩልማ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ጽሑፍ ነው የነቃበት፦ ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ተወዳዳሪዎች ቢኖሩ፣ ብዙኃኑ ሀን ከለ፣ ለን ከሐ፣ ሐን ደግሞ መልሶ ከሀ ሊያስበልጥ ይችላል። (እዚያው ጽሑፍ ላይ ደስ የሚልም ነገር አለው። እያንዳንዱ ሰው ከመሳሳት ይልቅ ልክ የመሆን ዕድሉ በትንሹ እንኳ ከበለጠና ሁሉም በየራሱ ከፈረደ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ብዙኃኑ ልክ የመሆን ዕድሉ ያድጋል። ሁሉም የአለቃውን ፊት እያየ እጅ የሚያወጣ ከሆነ ግን መቶ ሰው ቢሰበሰብም ያው አንድ ሰው ነው።)

እና ቡድን አስተዋይ የሚሆነው እንዴት ነው? በኔ ግምት፣ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ «ቆይ፣ ይሄ ትናንት ከወሰንነው ጋር ይሄዳል?» ብሎ መመለስ ሲችል ነው። ለዚያ የሆነ ነገር መልቀቅ አለበት። ወይ ምክንያቶቹን ቆጥሮ ውጤቱን ከእነሱ ያወጣል፣ ወይ ውጤቱን ብቻ ቆጥሮ ምክንያቱን ይተወዋል። እኔ የመጀመሪያው ይሻለኛል፤ የተፈረደበት ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ይኖራላ። ችግሩ፣ ካሰብከው ሦስቱ ዳኞች ፊት ያለው ሰው ሁለቱ አይክፈል እያሉ ሊከፍል ነው። የቱ ይሁን የሚለውን ደግሞ ከቆጠራው በፊት መቁረጥ ነው፣ አለዚያ ሰብሳቢው ወደሚፈልገው የሚያደርሰውን መንገድ መርጦ ቁጭ ይላል።

አንተስ ተከሳሹ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር? ሰብሳቢውስ ብትሆን? ለሁለቱም መልስ ስጠኝ፣ ደግሞ እንዳትጠፋ።

ያንተው